የልብ ሕመምተኛ ጥርሱን እዚህ ቢያስነቅል ይሻላል? የአንድ የጎንደር ክሊኒክ ግምገማ

ክሊኒኩ የግል ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ይገኛል። እዚህ የሚመዘነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልቡን የሚታመም ሰው ጥርሱን ሊያስነቅል ሲመጣ እንዴት ይያዛል? ከጉሮሮ ሕመም የሚከተለው የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ወጣቱን ስለሚያጠቃ ነገሩ የአረጋውያን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አቀባበሉ ያስመሰግናል። ካርድ ክፍል «የልብ ችግር አለብዎት?» ብለው ብቻ አያልፉም፤ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው አምጡ ይላሉ። ብዙ ሰው «የግፊት ኪኒን» የሚለው አቴኖሎል ይሁን ኢናላፕሪል የሚታወቀው ከማሸጊያው ነው። ጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ እንደሆነም ይጠይቃሉ። በጾም ሰዓት ኪኒኑን የሚያሳድር አለ፤ ወንበር ላይ ሽንቱ እንዳይመጣበት ሽንት የሚያስወጣውን ፉሮሴማይድ የሚዘልም አለ።

ግፊት ለሁሉም ይለካል፤ 180/110 ከደረሰ አጣዳፊ ያልሆነው ሥራ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ አሳንሰር የለውም፤ መለኪያው ደግሞ በሩ አጠገብ ነው። ደረጃ ወጥቶ የሚያለከልክ ሰው ግፊት ምን ይነግራል? አምስት ደቂቃ አስቀምጦ፣ ክንዱን ከልቡ እኩል አሳርፎ መለካት ምን ያስቸግራል? ከተማው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑም አይረሳ፤ ልቡ ለደከመ ሰው ያ ደረጃ ቀላል አይደለም።

ማደንዘዣ አሰጣጣቸው ጥሩ ነው። የሚጠቀሙት 2 በመቶ ሊዶካይን ነው፤ በውስጡ ማደንዘዣውን የሚያቆይ፣ ልብን ግን የሚያፋጥን አንድ ለ100,000 አድሬናሊን አለ። ባለ 1.8 ሚሊ ሊትሩ አንድ ካርትሪጅ (የማደንዘዣው ብልቃጥ) 18 ማይክሮግራም አድሬናሊን ስለሚይዝና ለልብ ሕመምተኛ የሚመከረው ጣሪያ 40 ማይክሮግራም ስለሆነ ከሁለት አያልፉም። መርፌው ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን ስበው አይተው በዝግታ ይሰጣሉ። አንዳንድ ቦታ «ልብ ካለበት አድሬናሊን የሌለው» ይባላል፤ ያ ግን ቶሎ ይለቅና ሕመም ያመጣል፣ ሕመሙም ሰውነቱ ራሱ አድሬናሊን እንዲረጭ ያደርጋል። ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የልብ ምትና የግፊት ማውረጃ ለሚወስድ ሰው ግን ሁለት ካርትሪጅም ግፊት ሊያንር ስለሚችል በአንዱ ጀምሮ መከታተል ይሻላል። እግሩ የሚያብጥና ጋደም ሲል የሚያፍነውን ሰው ወንበሩን ከፍ አድርገው ነው የሚሠሩት።

ክፍተቱ አንቲባዮቲኩ ላይ ነው። ከአፍ የሚነሣ ባክቴሪያ በደም ወደ ልብ ሄዶ እንዳያመረቅዝ፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ (የልብ በር) ላለው ወይም ከዚህ በፊት የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን ለያዘው አሞክሲሲሊን 2 ግራም፣ ማለትም አራት ባለ 500 ሚሊግራም እንክብል፣ ከመንቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይሰጣል። ክሊኒኩ ውስጥ አስውጠው ሰዓት ያስጠብቃሉ፤ «ከሦስት ቀን በፊት ጀምር» ከሚባለው እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ከእነዚሁ መካከል የሩማቲክ ሕመሙ እንዳያገረሽበት በየወሩ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለሚወጋውም ይህንኑ ይሰጡታል። የወሩ መርፌ ለጥርስ ነቀላው መከላከያ አይሆንም፤ አፉ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ፔኒሲሊንን ለምደውት ሊሆን ስለሚችል አዚትሮማይሲን 500 ሚሊግራም ወይም ዶክሲሳይክሊን 100 ይመረጣል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ፔኒሲሊን ለማይስማማው ክሊንዳማይሲን ይላል፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ካስቀረው ቆይቷል። ወረቀቱ ይቀየር።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስደውን «መድኃኒትህን አቋርጥ» አይሉም፤ ብረት ቫልቭ ላይ የሚረጋ ደም ከድድ መድማት ይከፋልና። በ24 ሰዓት ውስጥ የተሠራ አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ምርመራ) ይጠይቃሉ፣ ከ4 በታች ከሆነ ይነቅላሉ፣ ይሰፋሉ፣ ጎዝ እስከ 30 ደቂቃ ያስነክሳሉ። ይህን ሁሉ አሳምረው መውጫው ላይ ለሁሉም የሚጽፉትን ያንኑ ማዘዣ ይሰጣሉ፦ ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክና የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን። ሜትሮኒዳዞል ዋርፋሪኑን ያበረታዋል፣ አይቡፕሮፌን ደም የማርጋት አቅምን ይቀንሳል፣ ጨጓራም ያደማል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ማዘዣውን ከመድኃኒት ቤት በፊት አንብቡት።

ቀጠሮ የሰኞ ወይም የማክሰኞ ጠዋት ጠይቁ። ዓርብ ከሰዓት ከሰጧችሁ አትቀበሉ፤ ቅዳሜ ሌሊት ቢደማ ክሊኒኩ ዝግ ነውና የምትሮጡት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።