የክራውለር መሪ ከ8 ወር በኋላ፦ ሰርቮው ሻንሲ ላይ ይሁን ወይስ አክስል ላይ?

ክራውለር ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ በሬዲዮ የሚነዳ ትንሽ መኪና ነው፤ ሰርቮ ደግሞ መሪውን የሚያዞረው ሞተር ነው። ግምገማው የተሠራበት መኪና በ2016 የወጣው አክሲያል ኤስሲኤክስ10 2 ነው። መጠኑ የእውነተኛ መኪና 1/10 ሲሆን ኤአር44 የተባለ አክስል አለው፤ የፊት አክስሉን የያዙት ሦስት ዘንጎችና አንድ ፓናርድ (አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው አግድም ዘንግ) ናቸው። ኪቱ (ባለቤቱ የሚገጣጥመው ዕቃ) ያለ ኤሌክትሮኒክስ ስለሚመጣ ሰርቮውን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። መሪው 5 ወር በፋብሪካው አቀማመጥ፣ ሰርቮው ሻንሲው ላይ ሆኖ ሠራ። ቀሪውን 3 ወር ሰርቮው አክስሉ ላይ ተጭኖ ሠራ። ባለ 25 ኪሎ ጉልበቱ ዲጂታል ሰርቮ፣ ጎማውና ባለ 2 ሴል ሊፖ ባትሪው በሁለቱም ጊዜ አልተቀየሩም።

ጎማው ሁለት ድንጋይ መሃል ገብቶ መሪው እምቢ ሲል ብዙ ሰው ወዲያው 35 ኪሎ ሰርቮ ያዛል። ከማዘዙ በፊት መልቲሜትር ይያዝ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ኪሎ ብዙውን ጊዜ ሰርቮው በሚችለው ከፍተኛ ቮልት የሚገኘው ነው፤ በ5 ቮልት የሚነዳ ሰርቮ ያን ጉልበት አይሰጥም። ጎማውን የማይነቃነቅ ነገር ላይ አስደግፉ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ያዙት፣ ሪሲቨሩ (መኪናው ውስጥ ያለው የሬዲዮ ተቀባይ) ላይ ባዶ የሆነ ቻናል ላይ ቮልቱን ለኩ። ቢኢሲው (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮል ውስጥ ያለ፣ የባትሪውን ቮልት ዝቅ አድርጎ ሰርቮውንና ሪሲቨሩን የሚመግብ ክፍል) 6 ቮልት ላይ ተስተካክሎ ንባቡ ወደ 4.5 ከወረደ የጎደለው አምፔር ነው። ትልቅ ሰርቮ ቢገባበት ጭራሽ ይብሳል፤ ተፋጥጦ ሲቆም የሚስበው አምፔር ከትንሹ ይበልጣልና። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ መሪው ተጠምዝዞ ጋዝ ሲሰጥ መኪናው ለአንድ ሰከንድ ይሞታል፣ ከዚያ ስፒድ ኮንትሮሉ እንደ አዲስ እንደተከፈተ ድምፅ ያሰማል።

መድኃኒቱ ራሱን የቻለ ባለ 10 አምፔር ቢኢሲ ነው። መግቢያው ከባትሪው ማያያዣ ጋር ይበየዳል፤ መውጫው ገና ምንም ሳይሰካበት ቮልቱ ይለካል፣ ይስተካከላል። ከስፒድ ኮንትሮሉ ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደው ቀይ ሽቦ ከሶኬቱ ወጥቶ በቴፕ ይሸፈናል፤ ሁለት ቢኢሲ አንድ መስመር ላይ መጋፋት የለባቸውም። ሰርቮው 7.4 ቮልት ችሎ ሪሲቨሩ 6 ብቻ የሚችል ከሆነ ቢኢሲው ሰርቮውን ብቻ ይመግብ፤ ያኔ የስፒድ ኮንትሮሉ ቀይ ሽቦ ሪሲቨሩን ስለሚመግብ በቦታው ይቆያል። ወደ ሪሲቨሩ የሚሄዱት የሰርቮው የምልክት ሽቦና ጥቁሩ ናቸው። ጥቁሩ ከተረሳ ሰርቮው ይንቀጠቀጣል ወይም ጨርሶ አይታዘዝም። በዚህ መኪና ላይ ከተጨመረው ሁሉ ለውጡ በጣም የተሰማው ይህ ነው።

ቀጥሎ የሰርቮው ክንድ አለ። 25 ኪሎ ሲባል ከመሃሉ 1 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ የሚገኘው ጉልበት ነው፤ ክንዱ 25 ሚሊሜትር ከሆነ ዘንጉን የሚገፋው 10 ኪሎ ብቻ ነው። በ18 ሚሊሜትር ወደ 14 ኪሎ ይጠጋል። የጎማው መዞሪያ ክንድ 20 ሚሊሜትር ቢሆንና ጎማው 40 ዲግሪ እንዲዞር ቢፈለግ ዘንጉ 13 ሚሊሜትር ያህል መሄድ አለበት። ይህን ባለ 18 ሚሊሜትሩ ክንድ ሰርቮው 46 ዲግሪ ሲዞር ያደርሰዋል፣ ባለ 25ቱ ደግሞ በ31 ዲግሪ። ረጅም ክንድ የሚሰጠው ፍጥነት ነው፤ ክራውለር ደግሞ ፍጥነት አይፈልግም። ክንዱ አሉሚኒየም፣ በጎን ቡሎን የሚጠብቅ ይሁን። ክንዱ የሚገባበትን ጥርስም ቁጠሩ፣ በአምራቹ ይለያያል፦ ፉታባ 25፣ የቆዩት ሃይቴክ 24፣ ጄአር 23 ነው። በግድ የገባ ክንድ ጥርሱን በልቶ ይጨርሰዋል። ሞላ ያለበት ሰርቮ ሴቨር (ሰርቮውን ከምት የሚያድን ክንድ) ለክራውለር አይሆንም፤ ድንጋዩ ሲበረታ ሞላው ይለጠጣል እንጂ ጎማው አይዞርም። እሱን ሲያወጡ ግን ምቱ በቀጥታ የሰርቮው የውስጥ ጥርስ ላይ ስለሚያርፍ ጥርሱ ብረት መሆን አለበት።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ሬዲዮው ላይ የመሪውን መሃል የሚያስተካክሉት ትሪሙና ሰብትሪሙ ዜሮ ይደረጋሉ፣ ሰርቮው በርቶ መሃሉን ይይዛል፣ ክንዱ ከዘንጉ ጋር 90 ዲግሪ እንዲሆን ይገባል። ባለ 25 ጥርስ ላይ አንድ ጥርስ 14.4 ዲግሪ ስለሆነ ልክ ላይመጣ ይችላል፤ ቅርቡ ተመርጦ የቀረው በሰብትሪም ይስተካከላል። ከዚያ ሬዲዮው ላይ የሰርቮው ጉዞ ጫፍ በግራም በቀኝም ወደ 50 በመቶ ወርዶ ቀስ እያለ ይጨመራል። ጎማው ማቆሚያውን ነክቶ ሰርቮው ማጉረምረም ሲጀምር 2 ወይም 3 በመቶ ይመለሳል። ይህን አክስሉ ቀጥ ብሎም፣ በአንድ ጎን ተጨፍልቆም ሞክሩት፤ ቀጥ ሲል የማያጉረመርም ሰርቮ አክስሉ ሲጣመም ሊያጉረመርም ይችላል። ሰርቮ ከሚቃጠልባቸው መንገዶች የተለመደው ይኸው ነው፦ ጫፉ አልፎ ተስተካክሎ በየመታጠፊያው ከብረት ጋር ሲታገል ይግልና ይሞታል።

ወደ አቀማመጡ እንምጣ። ሰርቮው ሻንሲ ላይ ሲሆን ፓናርዱ የግድ ነው። እሱ ከሌለ ሰርቮው ጎማውን በመጠምዘዝ ፈንታ ሻንሲውን ወደ ጎን ይገፋዋል። ድራግ ሊንኩ፣ ማለትም ከሰርቮው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ፣ ከፊት ሲታይ ከፓናርዱ ጋር ትይዩ ሆኖ ርዝመቱም የተቀራረበ መሆን አለበት። ካልሆነ ሾኩ (ሾክ አብዞርበሩ) በተጨፈለቀ ቁጥር ጎማው ራሱን ያዞራል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሬዲዮው በርቶ የፊቱን ክፍል በእጅ እስከ ታች ተጫኑት፣ ጎማውን ተመልከቱ። ረጅም ሾክ ገብቶ መኪናው ከፍ ካለ ድራግ ሊንኩ ከፓናርዱ ይበልጥ ይቆማል፤ ያኔ የጎማው በኩል ያለው ጫፍ በሮንዴላ ከፍ ይደረጋል።

አክስል ላይ ሲሆን ይህ ጣጣ የለም። ሰርቮውና ጎማው አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ መሪው በየትኛውም ጥመት ቦታውን አይለቅም። ክብደቱም ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ስለሚሄድ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ አፍንጫው ቶሎ አይነሳም። ዋጋው ግን አለው። ፓናርዱ ወጥቶ ፊቱ ባለ 4 ዘንግ መሆን አለበት፣ የሰርቮው መያዣም ለብቻው ይገዛል። መያዣው ስስ ከሆነ መሪው ሲበረታበት ይታጠፋል፣ ያም ደካማ ሰርቮ ያለ ያስመስላል፤ በጣት ይዛችሁ መሪውን ብታዞሩ መያዣው ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ሰርቮው ድንጋይና ውሃ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ሽቦው አክስሉ ሙሉ በሙሉ ተጣሞ የሚበቃ ትርፍ ካልተተወለት ውስጡ ይበጠሳል፣ ከውጭ ግን ጤነኛ ይመስላል። መያዣውን የያዙት ኤም3 ቡሎኖች ያለ ሰማያዊ የቡሎን ማጣበቂያ በንዝረት ይላላሉ።

ለጭቃ መንገድና ለረጅም ጉዞ ሻንሲው ላይ ያለው ይሻላል፤ አነዳዱ እንደ እውነተኛ መኪና ነው፣ ሰርቮውም ይድናል። አብዛኛው ጊዜ ድንጋይ ላይ ለሚያልፍ ሰው ግን አክስል ላይ ያለው በግልጽ ይበልጣል። ይህ መኪናም ወደ ፊት በዚያው ይቀጥላል።

የማዞሪያ ክቡ ግን በሁለቱም ያው ነው። የፊት ዲፍሬንሻሉ የተቆለፈ ስለሆነ ሁለቱ ጎማ እኩል ይሽከረከራል፣ መኪናውም ወደ ፊት ይገፋል፤ ይህን የትኛውም ሰርቮ አይፈታውም። በ2017 የወጣው ትራክሳስ ቲአርኤክስ-4 ዲፍሬንሻሉን ከሬዲዮው መክፈትና መቆለፍ ስለሚያስችል በዚህ በኩል ይቀድማል።

ከ8 ወር በኋላ ያረጀው የሚከተለው ነው። የመሪው ዘንጎች ፕላስቲክ ቴስቲናዎች ላልተዋል፤ 4ቱም አንድ ላይ ሲቀየሩ መሃል ላይ የነበረው መወላገድ አብዛኛው ጠፋ። ቀሪው የመጣው ከጎማው መዞሪያ ኩሽኔታ ነበር፣ በሁለቱም በኩል 0.2 ሚሊሜትር ሮንዴላ በቃው። ክሮቸራዎቹ ጫፍ ላይ ይንጫጫሉ፤ ጉዞው ጥቂት ዲግሪ ሲቀነስ ድምፁ ቆመ። ሰርቮው ራሱ ትንሽ የጥርስ ክፍተት አብጅቷል። ውሃ ከነካው በኋላ የታች ሽፋኑ ተከፍቶ ይደርቃል፣ ጥርሱ አዲስ ቅባት ይቀባል፣ ላስቲኩም ሳይጣመም ወደ ቦታው ይመለሳል።