ሳይሰናበት የሚሄድ ባትሪ፦ ከሊቲየም ጋር 11 ወር

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ጀልባዬ ላይ ያለው ሁሉ ድርግም አለ። የምሰሶው መብራት ጠፋ፣ ሬዲዮው ጭጭ አለ፣ አውቶፓይለቱ መሪውን ለቀቀው። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ ሸራው መርገብገብ ጀመረ። ፊውዝ የተቃጠለ መስሎኝ መሪውን በገመድ አስሬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ደግነቱ የእጅ ባትሪዬ አሁንም በድንጋይ ነው የሚሠራው።

ፊውዙ ደህና ነበር። የጠፋው «ከእንግዲህ ስለ ባትሪ አታስብም» ተብዬ የገዛሁት ሊቲየም ነው።

ከዚያ ሌሊት በፊት ብትጠይቁኝ ሳወድሰው ትሰሙኝ ነበር። የድሮው ባትሪዬ ኤጂኤም ነበር፤ አሲዱ የማይፈስ ዝግ ዓይነት። 100 አምፔር ሰዓት ይዞ 30 ኪሎ ይመዝናል። ዕድሜው እንዳያጥር ደግሞ ከግማሹ በታች አትወርድበትም። ሊቲየሙ ያንኑ 100 ይዞ 12 ኪሎ ነው፣ አብዛኛውንም ያስጠቅማል። 7 ሜትር በማትሞላ ጀልባ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ አሟሟቱ ላይ ነው። የእርሳስ ባትሪ (ኤጂኤምም ከዚሁ ወገን ነው) ሲደክም ይናገራል። ሙሉ ሲሆን 12.7 ቮልት ያሳያል፣ ግማሽ ሲሆን 12.1 አካባቢ። እየወረደ ሲሄድ አምፖሉ ይፈዛል፣ ፍሪጁ ያቃስታል። ሰዓታት ቀድመህ ታውቃለህ። ሊቲየም (የጀልባው ዓይነት፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት) ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ፊቱን አይለውጥም። ያን ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ 13.1 አየሁ። እኩለ ሌሊት ላይ 13.0። በጣቴ ቆጣሪውን መታ መታ አድርጌ «ጎበዝ!» አልኩት። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ደመና ስለነበር ሶላሩ አልሞላውም፣ እኔ ደግሞ ፍሪጁን አላጠፋሁም።

ሻጩ ይህን ቢሰማ የሚለውን አውቃለሁ። «ባትሪው እኮ ራሱን ነው ያዳነው!» እውነቱን ነው። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ፣ ቢኤምኤስ የሚሉት፣ ሴሎቹ ከልክ በላይ እንዳይራቆቱ መስመሩን ይቆርጣል። ግን ወንድሜ፣ እሱ ራሱን ሲያድን እኔን ማን ያድነኝ? መብራት የሌለው ጀልባ በጨለማ ውስጥ ለመርከብ አይታይም። እስኪነጋ ድረስ የእጅ ባትሪዬን ሸራው ላይ እያበራሁ በኮምፓስ ሄድኩ።

ሻጩ ሲሸጥልኝ ሹንት የሚባለውን ቆጣሪ ስሙን እንኳ አላነሳልኝም። ሹንት ቮልት እያየ አይገምትም፤ የገባውንና የወጣውን አምፔር ይቆጥራል። ለሊቲየም ይህ ትርፍ ዕቃ ሳይሆን ግማሹ ባትሪ ነው ባይ ነኝ። አሁን ገጥሜዋለሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ 20 አምፔር ሰዓት የሆነች ትንሽ ኤጂኤም መልሼ አስገባሁ። የምሰሶው መብራትና ሬዲዮው ከእሷ ብቻ ነው የሚበሉት። የምትሞላውም በመሃል ባስገባሁት ትንሽ ቻርጀር ነው፤ ሁለቱን በቀጥታ ማገናኘት አልፈለግኩም። ከሊቲየሙ ክብደት ላይ ያተረፍኩት 18 ኪሎም በዚሁ ወደ 12 ወረደ። ይሁን።

ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? ይህን የምጽፈው መልህቅ ጥዬ፣ ሹንቱ 84 በመቶ እያሳየኝ ነውና አዎ እላለሁ። ያን ሌሊት ብትጠይቁኝ ግን ነቅዬ ባሕር ልከተው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የድሮውን ኤጂኤም የወሰደው ጀልባውን አጠገቤ የሚያስረው ጎረቤቴ ነው። ባለፈው ሳምንት «እንዴት ነው ታዲያ?» አልኩት። «ሊነጋ ሲል መብራቱ ትንሽ ይፈዛል» ብሎ አማረረልኝ። ቀናሁበት።