በ150 ብር የገዛሁት ዘፈን «ሰብስክራይብ አድርጉ» አለኝ

ገና ከንዴቴ አልበረድኩም። ጽሑፉ ቢዘበራረቅ ከዚያ ነው።

ዘፈን የሚጭኑትን ሱቆች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ወይ ደረጃ ሥር ናቸው፣ ወይ ከሞባይል ጥገና ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ይጋራሉ። በር ላይ ስፒከር አለ፤ መስታወቱ ላይ «ፍላሽና ሜሞሪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፍላሻችሁን ትሰጣላችሁ። «የድሮ ነው የአሁን? አማርኛ ነው ጉራግኛ?» ትባላላችሁ። ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ከመሃሉ የተቆረጠ ዘፈን ቢገኝበት፣ አንዱ ዘፈን አራት ጊዜ ቢደጋገም፣ ተመልሶ የሚጣላ የለም። ዋጋውም እንደዚያው ነውና።

እነሱን ልከስ አይደለም የጻፍኩት። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ እዚያው ሰውዬ «ኦሪጅናል ዳውንሎድ» እያለ አንዱን ዘፈን በ150 ብር ይሸጣል። ተጠንቀቁ የምላችሁ ከዚህኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ 80 ዓመት ሞላው። ልጆቹ ተሰብስበን አዳራሽ ተከራየንለት፣ ጓደኞቹን ጠራን። ሙዚቃው የኔ ድርሻ ሆነ። የአባዬ ዘመን ሰው ዘፈን በነፃ አግኝቶ አያውቅም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር አባዬ ገና ደመወዝ መቁጠር የጀመረ ወጣት ነበር። እነዚያ ትንንሽ ሸክላዎች በአንዱ ፊት አንድ፣ በሌላው ፊት አንድ ዘፈን ብቻ ነው የሚይዙት። ለሁለት ዘፈን ከደመወዙ ይቆርጥ ነበር ማለት ነው። አንዳንዶቹ ዛሬም ቁም ሣጥኑ ውስጥ አሉ፤ ማጫወቻው ግን ከተበላሸ ቆይቷል።

ለሱ ልደት የጥላሁንን፣ የብዙነሽን፣ የማህሙድን፣ የሂሩትን ዘፈን ከየትም ለቃቅሜ ማቅረብ አልፈለግኩም። ድምፁ ጥርት ያለ፣ በሥርዓት የተገዛ፣ ለዘፋኙ ወይም ለቤተሰቡ ትንሽም ብትሆን የምትደርስበት እንዲሆን ነበር ሐሳቤ።

ሰውዬው ይሄን ስነግረው ፊቱ በራ። «የኔ እህት፣ እኛ እኮ ፒያሳ እያለን የታወቅን ሙዚቃ ቤት ነበርን። ፈረሳው ነው እዚህ የጣለን» አለኝ። ወንበር አቀረበልኝ። «ወንድሜ ሲያትል ነው ያለው። አይቱንስ ላይ በራሱ ካርድ አንድ በአንድ ገዝቶ ይልክልኛል። እዚያ አንዱ ዘፈን 99 ሳንቲም ነው፣ የዶላር። በዛሬ ምንዛሬ አንቺው አስቢው። እኔ ብዙም አላተርፍበትም፣ ሙዚቃ ስለምወድ ነው።»

የሚያናድደው ውሸቱን የሠራው ከእውነት መሆኑ ነው። አይቱንስ የሚባለው የአፕል የኢንተርኔት ዘፈን መደብር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፈት እያንዳንዱን ዘፈን በ99 ሳንቲም ነበር የሚሸጠው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዋጋውን ሦስት ቦታ ከፈለው፤ 69 ሳንቲም፣ 99 ሳንቲም፣ 1 ዶላር ከ29። የዶላር ካርድ ለሌለን ለአብዛኞቻችን ደግሞ ያ መደብር ከመስታወት ጀርባ እንዳለ ዕቃ ነው። ውጭ አገር ወንድም ያለው ሰው ቢገዛልን ምን ይገርማል? ግማሽ ከተማው መድኃኒቱንም ስልኩንም የሚያስመጣው በዚሁ መንገድ አይደል?

40 ዘፈን መረጥኩ። 6000 ብር። በቴሌብር ላክሁ፣ በግል ስልክ ቁጥሩ። ከቀናት በኋላ ፍላሹን «የግዢ ደረሰኝ» ከሚል አንድ ወረቀት ጋር ሰጠኝ።

የእህቴ ባል ዋጋውን ሲሰማ ሳቀ። «ለዘፈን? ዩቲዩብ ላይ በነፃ ተኝቶ?» አለኝ። እኔም ትምህርት ሰጠሁት። ዘፋኝም ይበላል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል አልኩት። እነ ኤልያስ መልካ በ2011 ዓ.ም. አውታር የሚባለውን የዘፈን መሸጫ መተግበሪያ የከፈቱት ሰው ለአንድ ዘፈን ትንሽ ገንዘብ መክፈል እንዲለምድ አይደለም ወይ ብዬ ተከራከርኩት። ራሱን ነቅንቆ ዝም አለ።

የልደቱ ቀን። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ምግብ ተነስቷል፣ የብዙነሽ ድምፅ አዳራሹን ሞልቶታል። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን በጠረጴዛው ላይ ይመታል። ዘፈኑ መሃል ላይ፣ ሙዚቃው ብቻውን በሚሄድበት ቦታ፣ አንዲት ልጅ «ቻናላችንን ሰብስክራይብ፣ ላይክ እና ሼር ማድረግ እንዳትረሱ! የደወል ምልክቷንም ይጫኑ!» ብላ ጮኸች። በአዳራሹ ስፒከር። አንድ የአባዬ ጓደኛ ደንግጠው «ማን ናት እሷ?» አሉ። የእህቴ ባል ወደኔ አየና ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ይሄም ይለፍ። ሰው ይሳሳታል፣ አንዱ ፋይል ተደባልቆ ይሆናል ብዬ በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። አሁን የምነግራችሁ ነው ደሜን ያፈላው።

ሰውዬው ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ባንኮኒውን ተደግፎ ይጠብቃል። ቀና ሳይል «አቤት ማዘር» አለኝ። ከመክፈሌ በፊት «የኔ እህት» ነበርኩ፤ ወንበሩም የት እንደገባ አላውቅም። ስክሪኑ ወደኔ ዞሮ ነበርና ዓይኔ አረፈበት። አንድ ፎልደር ተከፍቶ ወደ ሹፌሩ ፍላሽ እየተገለበጠ ነው። የፋይሎቹ ስም አንድ በአንድ ያልፋል። አወቅኳቸው። «ሙሉቀን» የሚለው «ሙሉቅን» ተብሎ ተጽፏል፣ የኔም ላይ እንደዚያው ነው። ብዙነሽ ያቺው፣ ከፊቷ ያለው ቁጥር ሳይቀር።

«ይሄ እኔ የገዛሁት አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«የትኛው?»

«ይሄ አሁን የምትገለብጥለት።»

«እ… አዎ፣ እዚያም ውስጥ አለ» አለኝ። አልደነገጠም። ማውሱን እንኳ አላቆመም።

«እኔ እኮ በአንዱ 150 ብር ነው የከፈልኩት!»

ይሄኔ ሹፌሩ ዞረ። ምስኪን፣ ሊረዳኝ ፈልጎ «እመቤት፣ እዚህ እኮ በጊጋ ነው የሚከፈለው፣ ባለ16ቱ 200 ብር ነው» አለኝ።

ሰውዬው አሁን ቀና አለ። እንደ አስተማሪ ረጋ ብሎ «ማዘር፣ አንቺ ‹ኦሪጅናል› ነው ያልሽው። እሱ ‹ሙላልኝ› ነው ያለው። ሰው እንዳለው ነው የሚከፍለው» አለኝ።

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው?»

«አንቺ ደረሰኝ አለሽ።»

አጠገቡ የተቀመጠው ረዳቱ አፉን በእጁ ሸፈነ። ስለ ሰብስክራይቧ ልጅ ስነግረው ደግሞ «እሱን ልቆርጥልሽ እችላለሁ፣ ግን ኤዲቲንግ ለብቻው ይከፈላል» አለ። ገንዘቤን መልስልኝ አልኩት። «የተሰማ ዘፈን ይመለሳል እንዴ? ጆሮሽን ትመልሺልኛለሽ?» አለኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ 813/2006 የሚባል፣ ስለው ወደ ረዳቱ ዞሮ «ለፍላሽም አዋጅ ወጣ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ የበሩን ስፒከር ድምፅ ጨመረው። ውይይታችን አበቃ ማለቱ ነው።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሒሳቡን ሠራሁት። ባለ16 ጊጋ ፍላሽ እንደኔ ያለ ፋይል 1200 ያህል ይይዛል። በ200 ብር ሲካፈል አንዱ ዘፈን 17 ሳንቲም ገደማ ነው። ያንኑ ፋይል፣ ከዚያው ፎልደር፣ በ900 እጥፍ ነው የሸጠልኝ። ይሄ ዋጋ ከዘፈኑ አልመጣም። ከፊቴ ነው የተነበበው። መክፈል የምትፈልግ ሴትዮ መጣች፣ አለቀ።

የእህቴ ልጅ ድምፅ ቅጂ ላይ ይሠራል፤ ፍላሹን ወስጄ አሳየሁት። አንዱንም ከፍቶ ሳይሰማ «አክስቴ፣ ይሄ ከአይቱንስ አልተገዛም» አለኝ። እዚያ የሚሸጠው ሙዚቃ ኤምፒስሪ አይደለም። ኤኤሲ የሚባል ነው፣ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ «ኤም ፎር ኤ» የሚል ይኖረዋል። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ የገዢው ስምና የአካውንቱ ኢሜይል ተቀምጦ ይመጣል። ሲያትል ያለው ወንድም በእርግጥ ገዝቶ ቢሆን ስሙ እዚያ ውስጥ ይገኝ ነበር። የኔ 40ዎቹም ኤምፒስሪ ናቸው፣ ስም የለ፣ ኢሜይል የለ።

«ግን ትልቅ ፋይል ነው እኮ፣ የአምስት ደቂቃው ዘፈን 12 ሜጋባይት ነው» አልኩት። ይሄኛው ተንኮል ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ከዩቲዩብ ያወረዱትን የተጨመቀ ድምፅ መልሰው በ320 ኪሎቢት ወደ ኤምፒስሪ ይቀይሩታል። ፋይሉ ይወፍራል፣ ድምፁ ግን አንዴ የጠፋው አይመለስም። ልጁ በኮምፒውተር አሳየኝ፤ ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ፣ በጣም ቀጭኑ ድምፅ ባለበት ቦታ፣ ምንም የለም፣ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። የድሮ ቅጂ ስለሆነ ነው እንዳትሉ። የድሮ ቅጂ ድምፅ ወደ ላይ ሲሄድ ቀስ እያለ ነው የሚደክመው። እንዲህ ልክ አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ጸጥ አይልም።

አሁን የሚያንገበግበኝ 6000 ብሩ ብቻ አይደለም። «ሀበሻ ለዘፈን አይከፍልም» እየተባለ ስንት ዓመት ተወቀስን። ለምን ይክፈል? ፈረንጆቹም ቢሆኑ ናፕስተር የሚባለው የዘፈን መለዋወጫ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲመጣ በነፃ ሲያወርዱ ነው የከረሙት። ከዓመታት በኋላ 99 ሳንቲም የከፈሉት ድንገት ጻድቅ ስለሆኑ አይመስለኝም። ለከፈሉት የሚሰጣቸው በነፃ ከሚወርደው የተሻለ ስለነበር ነው። ድምፁ ጥሩ፣ ስሙ በትክክል የተጻፈ፣ መሃል ላይ የማይቆረጥ። እኛ ጋ የከፈለውም ያልከፈለውም አንድ ፎልደር ነው የሚደርሰው። ጎረቤትህ በነፃ የወሰደውን አንተ በ150 ብር ከገዛህ፣ በሚቀጥለው ጊዜ 5 ብር ብትባል እንኳ ውድ ነው ትላለህ። እንደዚህ ያሉ ሰዎች ከኔ ብር ወሰዱ፣ ከዘፋኞቹ ደግሞ ወደፊት የሚከፍል ደንበኛ ነው የወሰዱባቸው። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። ከኔ 6000 ብር ውስጥ ለብዙነሽ ቤተሰብም ሆነ ለማንም አንድ ሳንቲም አልሄደም፤ ከሹፌሩ 200 ብርም እንደዚያው። ቢያንስ ሹፌሩን ማንም አልዋሸውም።

የሱቁን ስም ያልጻፍኩት አዝኜለት አይደለም። ነገ ታፔላውን ቀይሮ ሌላ ሰፈር ይከፍታል፣ እናንተም ስሙን ብቻ እያያችሁ ትዘናጋላችሁ። የምታውቁት በአነጋገሩ ነው፤ ውጭ ያለ ወንድም፣ የፈረሰ ሙዚቃ ቤት፣ «ብዙም አላተርፍበትም»።

እንግዲህ ግድ ከሆነባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ዘፈን በስልካችሁ ላኩልኝ በሉ። ከአይቱንስ ነው ካሏችሁ መጨረሻው ኤም ፎር ኤ መሆኑን፣ ውስጡ የገዢ ስም መኖሩን እዩ። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ራሳችሁ ላኩት፤ ባንድካምፕ የሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የኃይሉ መርጊያን ዓይነት ሥራ ገዝቶ ሙሉ ጥራቱን ሳይለቅ ማውረድ ይቻላል፣ አብዛኛው ገንዘብም ለሻጩ ሙዚቀኛ ወይም አሳታሚ ነው የሚደርሰው። በግል ስልክ ቁጥር ደግሞ ቴሌብር አትላኩ። ፍላሽ ማስሞላት ብቻ ከፈለጋችሁ «ሙላልኝ» በሉ፤ «ኦሪጅናል» የምትለዋን ቃል እንዳታወጡ።