ሩ-ማቾ-ቢኤች፦ ኤስተር ወደ አልኮል ለምትቀይሩ ሰዎች

ላብ ውስጥ ኤስተር ወደ አልኮል መቀየር ላማረራችሁ ሁሉ ስለ ሩ-ማቾ-ቢኤች ልንገራችሁ፣ ካታሊስት ነው፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽኑን የሚያፋጥን ነገር። አብዛኞቻችን የለመድነው ሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ ነው፣ ሪአክሽኑማ ቆንጆ ነው፣ መከራው ማጽዳቱ ላይ ነው፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረክ እሳት እንዳይነሳ ትጠብቃለህ ከዛ ያ ጄል የመሰለ አሉሚኒየም ፊልተሩን ድፍን ያደርገውና ከምርትህም የተወሰነው እዛው ተጣብቆ ይቀራል።

ሩ-ማቾ የጃፓኑ ታካሳጎ ኩባንያ ያወጣው የሩቴኒየም ካታሊስት ነው፣ ኤስተሩን በሃይድሮጅን ጋዝ ነው የሚቀይረው፣ ቢኤቹ ደግሞ የሱ ሌላ ዓይነት ነው። ዲዛይኑን በጣም ነው የምወደው። ላይጋንዱ (ብረቱን የሚይዘው ሞለኪውል) በሁለት ፎስፎረስና በመሃሉ ባለው ናይትሮጅን ሩቴኒየሙን ሶስት ቦታ ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ከዛ ብረቱ ላይ ያለው ሃይድሮጅን የኤስተሩን ካርቦን ሲመታ ናይትሮጅኑ ላይ ያለው ሃይድሮጅን ደግሞ ኦክስጅኑን ይይዝለታል፣ ኤስተር በቀላሉ የሚነቃነቅ ነገር ስላልሆነ ሁለቱ መተባበራቸው ነው ስራውን የሚሰራው። አሮማቲክ ቀለበት አይነካም፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ተራው ሩ-ማቾ ስራ እንዲጀምር ቤዝ ይፈልጋል፣ ሶዲየም ሜቶክሳይድ ምናምን። ቢኤቹ ላይ ግን ክሎራይዱ በቦሮሃይድራይድ ስለተተካ ሲሞቅ በራሱ ስራ ይጀምራል፣ ስለዚህ ሞለኪውላችሁ ቤዝ የማይችል ከሆነ ሳታቅማሙ ቢኤቹን ውሰዱ። ተራውም ቢሆን አይናቅም፣ ታካሳጎዎች በፈረንጆቹ 2012 ባወጡት ስራ ሜቲል ላክቴትን በ30 ዲግሪ ብቻ ወደ ፕሮፔንዳዮል ቀይረው የኦፕቲካል ንጽህናው ሳይበላሽ (ማለትም የሞለኪውሉ የቀኝና የግራ ቅርጽ ሳይደባለቅ) በቶን ደረጃ ሰርተውበታል፣ ድሮ ኮፐር ክሮማይት በሚባለው ካታሊስት ከ200 ዲግሪ በላይና በ200 ባር አካባቢ ይሰራ የነበረውን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ተአምር ነው።

ጉድለቱስ? ፕሬሸር የሚችል አውቶክሌቭ ከሌላችሁ አትድከሙ፣ ብዙ ጊዜ 50 ባር አካባቢ በሆነ የሃይድሮጅን ፕሬሸር ነው የሚሰራው። ኦክስጅን አይወድም፣ ሶልቨንቱን በደንብ አርጎን ንፉበት። ሞለኪውሉ ላይ ኬቶን ወይ አልዲሃይድ ካለ እሱንም ይቀይረዋል፣ ኤስተሩ ጎን ያለ ድርብ ቦንድም አብሮ ሊሄድ ስለሚችል መጀመሪያ በትንሹ ሞክሩት። መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ሩቴኒየምም ማውጣት አለ፣ በተለይ ለመድኃኒት ከሆነ።

ዋጋው ውድ ነው፣ ግን የሚገባው መጠን ከኤስተሩ አንጻር ከመቶ አንድ እጅ በታች ስለሆነ ኪሎ ለሚሰራ ሰው ያዋጣል። ትንሽ ሚሊግራም ብቻ ከሆነ ስራችሁ በሃይድራይዱ ቀጥሉ፣ ከፍ እያለ ሲሄድ ትንሿን እሽግ ገዝታችሁ ሞክሯት።