ምርቃቱ የበዛ የካሜራ ጥቅል፦ ከ14 ወር በኋላ

አንዱ ጋ ካሜራው ከነሌንሱ ብቻ አለ። ሌላው ጋ ትንሽ ገንዘብ ጨመር ካደረጋችሁ ቦርሳው፣ ትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው)፣ ፍላሹ፣ ሁለተኛው ሌንስ፣ ካርዱ፣ ሌንሱ ፊት የሚጠመደው ፊልተር ሁሉ ተደርድሮ ይሰጣችኋል። የትኛውን ልግዛ እያላችሁ ከሆነ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ጥቅሉን መረጥኩ፣ 14 ወር ተጠቀምኩበት፣ ወደ 11,000 የሚጠጋ ፎቶ አነሳሁበት። አሁን ከሳጥኑ ውስጥ የትኛው ከእጄ እንዳልተለየ፣ የትኛው ደግሞ አንድ ቀን ወጥቶ ተመልሶ እንደገባ በደንብ አውቃለሁ።

ማስታወቂያው "30 ዕቃ" ይል ነበር። ቆጠርኩት፣ እውነትም 30 ነው። ግን የሌንስ መጥረጊያዋ ጨርቅ አንድ ተብላ ተቆጥራለች። የሌንስ ክዳን እንዳይጠፋ የሚታሰርበት ክር አንድ፣ የስክሪን መከላከያ ፕላስቲኮቹ ሦስት፣ የፊልተሮቹ ማስቀመጫ ኪስ ደግሞ ለብቻው አንድ። ዋና ዋናዎቹን ዕቃዎች ስለይ የቀሩት ስምንት ናቸው፤ ካሜራው፣ ሁለት ሌንሶች፣ ትርፍ ባትሪ፣ ካርድ፣ ትራይፖድ፣ ፍላሽ እና ቦርሳ። ስለ እነሱ ልንገራችሁ።

ካሜራው ላይ ቅሬታ የለኝም። ለጀማሪ የሚሆን 24 ሜጋፒክስል ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ነው። 6000 በ4000 ፒክስል ማለት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ወደ 50 በ34 ሴንቲሜትር የሚደርስ ጥርት ያለ ፎቶ ማለት ነው፣ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ከበቂ በላይ። ዝናብ ነክቶታል፣ አቧራ ጠጥቷል፣ አንዴም ከወንበር ላይ ወድቋል። እስካሁን ይሠራል። ጥቅሉ ዋጋ ካለው፣ ዋጋው እዚህ ነው ያለው።

አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ብዙ ሰው የሚንቀው ነው። እኔ አልንቀውም። ቀን ላይ፣ ደጅ፣ ጥሩ ብርሃን ባለበት ቦታ ካነሳኋቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ የእሱ ናቸው። የሚቸገረው ሲመሽ ነው። ዙም አድርጌ 55 ላይ ስደርስ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ቤት ውስጥ በአምፖል ብርሃን ልጆች ሲጫወቱ ላንሳ ካልኩ ወይ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 6400 ደርሶ ፎቶው ይሻክራል፣ ወይ ሻተሩ (ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋው በር) ይዘገይና ልጆቹ ይደበዝዛሉ። ይህን ችግር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጥቅሉን እንድገዛ ያደረገኝ ሁለተኛው ሌንስ ነው፣ 75-300 ሚሊሜትር። እውነቱን ለመናገር ዓይኔን የወሰደው ርዝመቱ፣ ማለትም ከሩቅ የማቅረብ አቅሙን የሚናገረው 300 የሚለው ቁጥር ነበር። ከሩቅ ወፍ አነሳለሁ፣ ኳስ ሜዳ ዳር ቆሜ የልጆቹን ፊት እቀርባለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ያላየሁት ነገር ሌንሱ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ ምስል ማረጋጊያ እንደሌለው ነው። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። በእጅ ይዞ ለማንሳት የቆየ የፎቶግራፍ አንሺዎች ልማድ አለ፤ የሻተሩ ፍጥነት ቢያንስ ከሌንሱ ርዝመት ጋር ይመጣጠን ይላል፣ ለ300 ሚሊሜትር 1/300ኛ ሰከንድ እንደማለት። እንደኔ ያለ ትንሽ ሴንሰር (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) ያለው ካሜራ ላይ 300 ሚሊሜትር ሌንስ እንደ 450 ወይም እንደ 480 ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ቢያንስ 1/500ኛ ሰከንድ ያስፈልገኛል ማለት ነው። በዚያ ላይ 300 ላይ አፐርቸሩ ኤፍ 5.6 ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲደምቅ ይሆናል። ወደ ማታ፣ ወይም ሰማዩ ሲዳምን አይሆንም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የደበዘዙ ፎቶዎች እያነሳሁ እጄ ነው የሚንቀጠቀጠው ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ።

ስለዚህ ጥቅሉ ውስጥ ረጅም ሌንስ ካለ ስሙን እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡ። ካኖን ማረጋጊያ ላለው ሌንስ አይኤስ ብሎ ይጽፋል፣ ኒኮን ቪአር፣ ሶኒ ኦኤስኤስ፣ ታምሮን ቪሲ። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሌንሶች እዚህ ላይ ይለያያሉ፤ ለምሳሌ የኒኮን ኤኤፍ-ፒ 70-300 ቪአር ያለውም የሌለውም ወጥቷል። ቦዲው (ካሜራው ያለ ሌንሱ) ራሱ ውስጥ ማረጋጊያ ያለው ካሜራ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ሌንሱ ባይኖረውም ካሜራው ያግዛችኋል።

ፍላሹ በጣም ያናደደኝ ዕቃ ነው። ካሜራው አናት ላይ ሰካሁት፣ አበራሁት፣ ተኮስኩ። ምንም። ባትሪ ቀየርኩ። ምንም። ፍላሹ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ስዘጋጅ ነው የፍላሽ መግጠሚያውን በደንብ ያየሁት። ድሮ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ የነበረው መሃለኛው የብረት ነጥብ የለም። አንዳንድ ለጀማሪ የሚሠሩ ቦዲዎች ላይ ይህ ነጥብ ቀርቷል፣ የሚሠሩትም የራሱ የካሜራው አምራች ፍላሾችና ከእነሱ ጋር መነጋገር የሚችሉ ጥቂት ሌሎች ናቸው። ርካሾቹ ፍላሾች ግን የሚተኩሱት በዚያ መሃለኛ ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ አብረው የታሸጉት ካሜራና ፍላሽ አይተዋወቁም። አሻጊው ይህን ማወቅ ነበረበት። ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ሲከት አንዴ ሰክቶ ቢሞክር ኖሮ ያውቀው ነበር። ፍላሹ የሌላ ፍላሽ ብርሃን አይቶ ተከትሎ የመተኮስ አቅም ስላለው የካሜራውን ትንሽ ፍላሽ እያስነሳሁ ከጎን ለማብራት ተጠቅሜበታለሁ። ሦስት ጊዜ ይሆናል፣ ከዚያ ተውኩት።

ካርዱ 32 ጂቢ ነበር። ሬው (RAW) በሚባለው፣ ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል ስታነሱ አንድ ፎቶ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ ወደ 1000 ፎቶ ገደማ ይይዛል። አነሰኝ አልልም። ችግሩ በስምንተኛው ወር መጣ። የእህቴ ልጅ ልደት ላይ ሙሉ ከሰዓት ሳነሳ ቆይቼ ካሜራው ካርዱን ማንበብ አልቻልኩም አለ። ልቤ ቀጥ አለ። ደግነቱ ወዲያው ካርዱን አወጣሁት፣ ፎርማትም አላደረግኩትም፣ አንድም ፎቶ አልጨመርኩበትም። ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም አብዛኞቹን መለስኳቸው። ሻማ ስታጠፋ ያነሳኋቸው ግን ተበላሽተው ነው የወጡት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የካርድ ስህተት ካጋጠማችሁ ማንሳታችሁን አቁሙ። አዲስ የሚጻፍ ነገር ነው የድሮውን የሚያጠፋው።

ከጥቅል ጋር የመጣ ካርድ እንደመጣ መታመን የለበትም። ኮምፒውተር ላይ እስኪሞላ ድረስ ፋይል ገልብጡበት፣ ከዚያ መልሳችሁ ክፈቱት። የተጻፈበትን ያህል የማይዝ የውሸት ካርድ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ፍጥነቱንም እዩ። 10 ቁጥር በክብ ውስጥ ካለበት ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው፣ ለፎቶ ይበቃል። ፎርኬ (4K) ቪዲዮ ለሚቀርጽ ግን ቪ30 የሚል ምልክት ይኑረው፣ እሱ ቢያንስ 30 ነው።

ትርፍ ባትሪው የሌላ አምራች ነው። አቅሙ ከኦሪጅናሉ ያንሳል፣ ካሜራውም ቀሪውን በትክክል አያሳይም፤ ሙሉ ነው ሲል ይቆይና ድንገት ይዘጋል። እንደዚያም ሆኖ ከጥቅሉ ውስጥ በጣም ካመሰገንኳቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። ቀኑን ሙሉ ውጭ ስውል ሁለት ጊዜ አድኖኛል። ባትሪ ሲያብጥ ካያችሁ ግን አንድ ቀን እንኳ አትጠቀሙበት።

ትራይፖዱ ቀላል ነው፣ እጅግ ቀላል። እግሮቹ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጉ በነፋስ ይወዛወዛል። ዝቅ አድርጌው፣ ቦርሳዬን መሃሉ ላይ አንጠልጥዬ፣ ካሜራውን የ2 ሰከንድ ታይመር ላይ አድርጌ ጥሩ የሌሊት ፎቶዎች አንስቼበታለሁ። በአሥረኛው ወር አናቱ ላይ ያለው የፕላስቲክ ማጥበቂያ ተሰነጠቀ። ቦርሳው ግን ዚፑም ማንገቻውም ደህና ነው።

ከፊልተሮቹ ውስጥ ያልጠበቅኩት ደስታ የሰጠኝ ፖላራይዘሩ ነው። ዩቪው ሌንሱን ከጭረት ይከላከል ይሆናል እንጂ ለዲጂታል ሴንሰር ለውጥ አያመጣም። ኤፍኤልዲ የሚባለው ሐምራዊ ደግሞ በፊልም ዘመን የፍሎረሰንት መብራትን አረንጓዴነት ለማረም የተሠራ ነው፣ አሁን ዋይት ባላንስ የሚባለው የካሜራው የቀለም ማስተካከያ ይሠራዋል። ፖላራይዘሩ የሚያደርገውን ግን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሙሉ በሙሉ ማድረግ አይቻልም። ውኃ ላይ ያለውን ነጸብራቅ ያነሳል፣ የቅጠሉን ውስጣዊ አረንጓዴ ያወጣል፣ ሰማዩን ያጠልቃል። ብርሃን ስለሚወስድ ሲመሽ አውጡት። እፊት የሚጠመዱት "ማስፊያ" እና "ማቅረቢያ" መስታወቶች ግን የፎቶውን ጠርዝ ያቀልጡታል። አንድ ቀን ሞክሬ አስቀመጥኳቸው።

ቅድም ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። በስድስተኛው ወር 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ገዛሁ። ከ5.6 ጋር ስታወዳድሩት አሥር እጥፍ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ብርሃን ያስገባል። ያ የምሽት ሳሎን፣ ያ አምፖል፣ እነዚያው ልጆች፤ ፎቶው ግን ሌላ። የሰው ፊት ጥርት ብሎ ጀርባው ለስለስ ሲል የካሜራ ፍቅሬ እንደ አዲስ ተጀመረ ብል ማጋነን አይደለም። የሚያንገበግበኝ ሒሳቡ ነው። ካሜራውና 18-55ቱ ብቻውን 100 ቢሆን ጥቅሉን በ125 ነበር የወሰድኩት። 50ው ሌንስ ያስወጣኝ ከዚያ ከ25ቱ ትንሽ በለጥ የሚል ነው። ያን ገንዘብ ከመጀመሪያው በአንድ ጥሩ ሌንስ ላይ ባውለው ኖሮ ስድስት ወር ሙሉ የደበዘዘ የምሽት ፎቶ ባላነሳሁ ነበር።

አሁን ጓደኛ ሲጠይቀኝ እንዲህ ነው የምለው። ወረቀት አውጣና ከዝርዝሩ ውስጥ ጥቅል ባይኖር ሄደህ የምትገዛቸውን ብቻ ጻፍ፣ ለየብቻ ዋጋቸውን ደምር፣ ከጭማሪው ጋር አስተያይ። የኔ ዝርዝር ባትሪ፣ ካርድ፣ ቦርሳና ፖላራይዘር ነበር የሚሆነው፤ ከ25ቱ ግማሹን ቢሸፍኑ ነው። አምራቹ ራሱ ያሸገው፣ ሁለተኛው ሌንስ ማረጋጊያ ያለው ባለ ሁለት ሌንስ ጥቅል ከሆነ ግን ሳታመነታ ውሰደው፤ እንዲያ ያለው ብዙ ጊዜ ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል። ሻጩ ራሱ ከፍቶ የደራረበው ከሆነ ደግሞ ኦሪጅናሉ ባትሪና ቻርጀር እንዳልተቀየረ፣ የካሜራው ሲሪያል ቁጥር ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን፣ ጋራንቲው የአምራቹ ይሁን የሻጩ ብቻ ሳትከፍል ጠይቅ። እኔ የጠየቅኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው፤ ጋራንቲው የሻጩ ብቻ ነበር።

ዛሬ ከቤት ስወጣ የምይዘው ካሜራውን ከነ50ው፣ 18-55ቱን ከነፖላራይዘሩና ሁለቱን ባትሪዎች ነው። 75-300ውን ለአጎቴ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ረፋድ ላይ፣ ብርሃኑ ሲጠነክር ወፎች ያነሳበታል፤ ሻተሩን ከ1/500 በታች እንዳያወርድ ነግሬዋለሁ።