ሩገር 10/22 ከዓመት በኋላ፦ ገንዘቡ ወደ ጥይት ይሂድ

ዳላስ አካባቢ ያለን ሰዎች ስንገናኝ "ዋጋዋ የማይጎዳ፣ ስትተኮስ ደግሞ የማታሳፍር ጠመንጃ የትኛዋ ናት?" የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ሩገር 10/22 እጄ ከገባች ዓመት ስላለፋት አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ለማያውቃት፦ ከ1964 ጀምሮ ሳይቋረጥ ስትሠራ የኖረች ግማሽ አውቶማቲክ ናት። .22 ሎንግ ራይፍል የተባለችውን ትንሽ ጥይት ትጎርሳለች። ምላጭ በሳብክ ቁጥር አንድ ትተኩስና ቀለሁን ተፍታ ቀጣዩን ራሷ ታቀባብላለች። በርሜሏ 47 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቷ ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች። እኔ ባለ እንጨቷን ነው የወሰድኩት። ተራዋ ሞዴል ሱቅ ላይ 300 ዶላርን ተጠግታ ወይ ትንሽ አልፋ ትገኛለች።

ምንሽርና ዲሞትፈር ሲወራ ያደገ ሰው ይህቺን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። አጎቴ በቪዲዮ ሳሳያቸው "ይቺማ የቆቅ ናት!" ብለው ስቀውብኛል። ትከሻ አትመታም፣ ጩኸቷም ትንሽ ነው። ግን እንዳትናቅ፤ የጥይት ፓኬት ላይ የሚጻፈው ማስጠንቀቂያ እርሳሷ እስከ አንድ ማይል ተኩል ልትሄድ እንደምትችል ነው የሚናገረው። ከኢላማው ኋላ የአፈር ግድግዳ በሌለበት ቦታ የምትተኮስ አይደለችም።

አስተማማኝነቷ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ካዝናዋን ማየት ይበቃል። የ.22 ቀለህ ግርጌው ላይ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። በተራ ካዝና ውስጥ ጥይቶቹ ሲደራረቡ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ኋላ ከገባ ይቆላለፉና ጠመንጃው ይነክሳል። የ10/22 ካዝና ግን ጥይት አይደራርብም። ውስጡ የሚሽከረከር ጥርስ ያለው ዘንግ አለ፣ አሥሩም ጥይት የየራሱ ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ ስለዚህ ጠርዝ ከጠርዝ አይገናኝም። ጥይቷን ወደ በርሜል የሚመራው አፉም ብረት ነው፣ ቶሎ አይበላም። ካዝናው ከሰደፉ በታች ብቅ ስለማይል ጠመንጃዋን መሀሏ ላይ ይዞ መሄድም ይመቻል። ባለ 25 ካዝናም ይሸጣል፤ እኔ ግን ኢላማ ላይ ለመለማመድ አሥሩ በቂ ነው ባይ ነኝ። አሥር ተኩሶ ቆም ማለት ትንፋሽንም ያስተካክላል።

ከሸፈ፣ ነከሰ የሚለው ወሬ አብዛኛው የጥይት ወሬ ነው። የዚህች ጥይት ማቀጣጠያ መሀል ላይ ሳይሆን ጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን ተሰራጭቶ ነው የሚቀመጠው። ስርጭቱ እኩል ካልሆነ መቺው ያረፈበት ቦታ ባዶ ይሆንና ጥይቱ ይከሽፋል። በጅምላ በካርቶን ከሚሸጠው እጅግ ርካሽ ጥይት ውስጥ እንዲህ ያለ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ያኔ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሳ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ዘግይቶ የሚነሳ አለና። ሲ ሲ አይ ሚኒ ማግ የሚባለው፣ እርሳሱ 40 ግሬን የሚመዝን ጥይት ግን በእኔዋ ላይ እንከን አላሳየኝም። በጥቅሉ አንዷ የ.22 ጥይት ከ6 እስከ 10 ሳንቲም አካባቢ ነው የምታወጣው። ኤ አር ከሚባለው የወታደር መልክ ያለው ጠመንጃ የሚተኮሰው .223 ጥይት ከ40 ሳንቲም በላይ መሆኑን ሳስብ፣ ርካሽ ጠመንጃ ማለት ርካሽ የምታበላት ናት እላለሁ። ሱቅ ውስጥ የዋጋ መለያውን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ይህን ሒሳብ ቤቱ ሲገባ ነው የሚያገኘው።

የማልወድላት ነገር አለ። ፋብሪካው የሚያወጣው ምላጭ ከበድ ይላል፤ የተሻሻለ ምላጭ ራሱ ኩባንያው ለብቻ ይሸጣል። የፊት ማነጣጠሪያዋ ትንሽ ወርቃማ ነቁጥ ናት፣ አርባን ላለፈ ዓይን ትጠፋለች። የመጨረሻዋ ጥይት ስትወጣ ደግሞ ማቀባበያው ክፍት ሆኖ አይቀርም፤ ባዶ መሆኗን የምታውቀው ምላጩ "ቀጭ" ሲል ነው። ስለዚህ ካዝናውን አውጥቶ፣ ማቀባበያውን ስቦ፣ ጥይት የሚገባበትን ጎሬ በዓይንም በጣትም አይቶ ማረጋገጥ ልማድ መሆን አለበት። እኔ የጨመርኩላት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ስኮፕ (የማነጣጠሪያ መነጽር)። የሚቀመጥበት ሐዲድ ከጠመንጃዋ ጋር ካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ በ50 ያርድ፣ ተደግፌ፣ በደህና ጥይት ስተኩስ ቀዳዳዎቹ የቡና ሲኒ አፍ በሚያህል ክብ ውስጥ ይሰበሰባሉ። የገበያው የማስዋቢያ ዕቃ ብዛት ግን ጉድ ነው፤ ሰው የጠመንጃዋን ዋጋ ሦስት እጥፍ አውጥቶባት ለመተኮሻ የሚሆን ጥይት ያጣል።

መወልወሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሸሸው እሱን ነው። ባዶ መሆኗ ከተረጋገጠ በኋላ በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር የያዘው ቀለበት ብሎኑ ላልቶ ይወጣል፣ ከዚያ ከታች አንድ ብሎን ይፈታል። ከዚያ እንጨቱ እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ሴፍቲው (የተኩስ መከልከያው) መሀል ላይ፣ ከግራም ከቀኝም እኩል ሆኖ መቆም አለበት፣ ያኔ ይወጣል። ሁለት ፒን ስትገፉ የምላጩ ክፍል በሙሉ ይላቀቃል። አንዲት ወፈር ያለች ፒን ደግሞ ሳትጠየቅ ልትወድቅ ስለምትችል ጨርቅ አንጥፉ። ውስጡ ጥቁር ጥቀርሻና ሰም ይሆናል፤ በጥርስ ብሩሽና በጥቂት ዘይት ይጸዳል፣ ዘይት ማብዛት ጥቀርሻ መጋበዝ ነው። የአካሏ ጀርባ ድፍን ስለሆነ በርሜሉን በዘንግ የምትወለውሉት ከአፈሙዙ በኩል ነው። ለስላሳ ገመድ ከኋላ ወደ ፊት ቢጎተት ይሻላል፤ የብረት ዘንግ አፈሙዙን ሊፍቀው ይችላል። ሲያልቅ እጅን በሳሙና፤ እርሳስ ነው ያለው።

አማራጭም አለ። ማርሊን 60 ከ1960 ጀምሮ በብዛት የተሠራች፣ ጥይቷን ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ የምትይዝ ጥሩ ጠመንጃ ናት፤ አሁን በአብዛኛው ያገለገለች ናት የምትገኘው፣ ቱቦውን መሙላትም ካዝና ከመቀየር ይዘገያል። ሳቬጅ 64 ዋጋዋ ዝቅ ይላል። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 15-22 መልኳ የኤ አር ነው፣ ከ10/22 ትወደዳለች።

ግዢውን በተመለከተ፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከፈቃድ ካለው ሱቅ መግዛት ይችላል። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ሱቁ የሚሰጠውን የፌደራል የግዢ ቅጽ 4473ን በእውነት የሚሞላና የጀርባ ታሪክ ማጣሪያውን የሚያልፍ መሆን አለበት። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይፈቀድለትም። ለእሱ ብሎ በራስ ስም መግዛት የፌደራል ወንጀል ነው፤ ወንድምህም ቢሆን። እዚህ ቴክሳስ ደግሞ በቸልተኝነት የተቀመጠ የተሞላ መሣሪያ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ እጅ ከገባ ያስጠይቃል፤ ስለዚህ የቁልፍ ሳጥኑን ዋጋ ከመጀመሪያው ደምሩት። ጥንቸል ለማደን ያሰበም የአደን ፈቃድ ያውጣ። አገር ቤት ይዤ እገባለሁ የሚል ካለ ሐሳቡን ይተው። ከዚህ ማውጣቱ በአብዛኛው ፈቃድ ይጠይቃል፣ እዚያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ።

ያገለገለች የምትገዙ ከሆነ ከእንጨቱ ጭረት ይልቅ የአፈሙዙን ጫፍ በባትሪ እዩት፣ ምላጩ ተነካክቶ እንደሆነ ጠይቁ። ካዝናው ያረጀ ከመሰላችሁ አትከራከሩበት፣ አዲሱ 20 ዶላር አካባቢ ነው። ሻጩ እንዳትፈትሹ ካንገራገረ ወደ ሌላ ሻጭ እለፉ፤ በሚሊዮን የተሠራች ጠመንጃ ስለሆነች ሌላ አይጠፋም።