ያገለገለ ላይካ ኤም 240 በጎንደር፦ ከወራት በኋላ ስለ ዋጋው የምለው

ይህን ላይካ ኤም 240 የተባለ የጀርመን ዲጂታል ካሜራ የገዛሁት በታኅሣሥ ነው። ጥምቀትን አብረን አየን፣ ፋሲካን አለፍን፣ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብም ችሎ ወጣ። አሁን መስከረም ጠብቷል። ፒያሳ ላይ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ያየው ፎቶ አንሺ ሁሉ «ስንት ገዛኸው?» ይለኛል። ቁጥሩን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን እንዴት እንደደረስኩበት ላስረዳ። የዚህ ዓይነት ካሜራ ዋጋ የሚገባው «ቢበላሽ እዚህ ማን ይጠግነዋል? ዕቃውስ ከየት ይመጣል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ሲመለሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኤም 240 ሬንጅፋይንደር የሚባለው ዓይነት ካሜራ ነው፤ እሱን ይዞ ለማያውቅ በአጭሩ ልንገራችሁ። በሌንሱ በኩል አታዩም፤ የምታዩት ካሜራው ጥግ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ነው። የመስኮቷ መሃል ላይ ደመቅ ያለች አራት ማዕዘን አለች። እዚያች ውስጥ የምታነሱት ሰው ፊት ሁለት ሆኖ ይታያል። የሌንሱን ቀለበት ስታዞሩ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ገጥመው አንድ ሲሆኑ ፎከሱ ያዘ ማለት ነው። አውቶፎከስ የሚባል ነገር የለም። ሥራው የሚሠራው በመስታወት፣ በፕሪዝምና የሌንሱን ጀርባ እየነካች በምትንቀሳቀስ አንዲት ክንድ ነው። ሁሉም መካኒካል ነው። ስለዚህ መሥራቱም ውድ ነው፣ ሲዛባ ማስተካከሉም ውድ ነው።

ዲጂታል ሬንጅፋይንደር የሠሩ ድርጅቶች በጣት ይቆጠራሉ። ቀዳሚው የኤፕሰን አር-ዲ 1 ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ወጣ። ላይካ ኤም 8ን በ2006፣ ኤም 9ን በ2009 አመጣ። የኔው ኤም 240 በ2013 ገበያ ላይ ሲውል አሜሪካ ውስጥ 6,950 ዶላር ነበር። ከሱ በኋላ ኤም 10 በ2017፣ ኤም 11 ደግሞ በ2022 ተከተሉ። በ1954 ለወጣው ኤም 3 የተሠራ ሌንስ ዛሬ እኔ ካሜራ ላይ ይገጥማል። ዋጋቸው እንደ ሌላ ዲጂታል ካሜራ ቶሎ የማይወርደው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

የሸጡልኝ ጀርመን ኖረው የተመለሱ አባት ናቸው። ካሜራው ከባለ 35 ሚሊሜትር ቮይክትላንደር ሌንስ ጋር ነበር። የጠሩት ዋጋ በዚያ ሳምንት የባንክ ተመን ሲመነዘር 2,600 ዶላር ገደማ ይመጣል። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ላይካ ነው። ስሙ ብቻ ይሸጠዋል» አሉኝ። «ልክ ነዎት ጋሼ። እስኪ ባትሪውን እናስገባና ውስጡን እንየው» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ሻይ አዘዙ። እንዲህ ያለ ሻጭ ይስጣችሁ። «አትንካው» ከሚል ሰው ግን ካሜራ አትግዙ።

ለምን በዶላር እንደማስበው ልናገር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሄዷል። ስለዚህ «ጓደኛዬ ያኔ በዚህን ያህል ብር ነው የገዛው» የሚለው ወሬ ለማንም አይጠቅምም። እኔ ያደረግኩት ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ገብቼ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳየውን መርጬ ማየት ነው። ሰው የፈለገውን ዋጋ ሊለጥፍ ይችላል። እውነቱን የሚናገረው ገንዘብ የተከፈለበት ዋጋ ነው። የትልልቅ ሱቆች ዋጋ ከዚያ ከፍ ይላል፣ ሱቅ ለወራት ዋስትና ይሰጣላ። ግለሰብ ዋስትና ስለማይሰጥ በሱቅ ዋጋ ሊሸጥ አይገባም። በሌላ በኩል ጎንደር ላይ ሆኖ ዕቃውን እጅ ላይ ይዞ፣ ሞክሮ መግዛት ራሱ ዋጋ አለው። መላኪያና ቀረጥም ይቀራል። ለዚህ ሲባል ትንሽ ቢጨመር አይከፋኝም።

መጀመሪያ የሚታየው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል ነው። ኤም 9 ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ እወስድ ነበር። የኤም 9ን ሴንሰር የሚሸፍነው መስታወት እርጥበት እየበላው ይሄዳል። ሰማይን በኤፍ 16 (የሌንሱን ቀዳዳ በጣም አጥብባችሁ) አንስታችሁ ፎቶውን ስታጎሉት ዙሪያው የነጣ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ እሱ ነው። በመጥረግ አይለቅም። ላይካ ለዓመታት ሴንሰሩን ሲቀይር ቆይቷል፣ መለዋወጫው ግን አልቋል። ስለዚህ ሴንሰሩ ያልተቀየረለትን ኤም 9 ከተቀየረለት እኩል የሚጠራ ሻጭ ዕቃውን አያውቀውም፣ ወይም እናንተ እንዳታውቁ ይፈልጋል። ኤም 8ን ደግሞ ርካሽ ነው ብላችሁ ስትገዙ ሂሳቡን ጨርሱት። ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚያስገባ ከሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ ጥቁር ልብስ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሌንስ ልዩ ፊልተር መግዛት ነው። የፊልተሩን ዋጋ ካሜራው ላይ ደምሩት። የኔው ኤም 240 ሁለቱም ችግር አያሰጋውም። ሰማዩን ሳነሳ የታየኝ አቧራ ብቻ ነበር፣ እሱም በእጅ መንፊያ ተነሳ።

ከዚያ በባጃጅ ጎሃ ወጣን። ከጎሃ ላይ ሆኖ ወደ ታች የፋሲል ግንብ ይታያል። ለሬንጅፋይንደር ምርመራ ጎንደር ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሌንሱን እስከ መጨረሻው፣ ኢንፊኒቲ (በጣም ሩቅ) ምልክት ላይ አደረስኩት። ከዚያ የግንቡን የማዕዘን ማማ ቀጥ ያለ ጠርዝ መሃሏ አራት ማዕዘን ውስጥ አስገባሁ። ግራና ቀኙ ጥርት ብሎ ገጥሟል። ከፍታው ላይ ግን ችግር አለ። ክብ የሆነው የማማው ጉልላት ላይ ሌላ ስስ ጉልላት የፀጉር ያህል ከፍ ብሎ ተደርቦ ይታያል። እንዲህ ያለው መዛነፍ ፎከሱን ብዙም አያበላሸውም። ዓይን ግን ያደክማል፣ ብርሃን ሲያንስ ደግሞ የገጠመና ያልገጠመ መለየት ያስቸግራል። ጋሼንም አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩና «እውነትክን ነው» አሉ።

ወርደን የቅርቡን ሞከርን። ጠረጴዛ ላይ ማስመሪያ በሰያፍ አስቀመጥኩ። ሌንሱን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ ከአንድ ሜትር ገደማ 15 ቁጥር ላይ አተኮርኩ። ፎቶው ላይም ጥርት ብሎ የወጣው 15 ነው። 12 ወይም 18 ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የካሜራው ነው ወይስ የሌንሱ የሚለውን ለማወቅ በሁለተኛ ሌንስ መድገም ያስፈልግ ነበር። አንድ ሌንስ ብቻ ይዞ መሞከር ያሳስታል።

እዚህ ላይ ነው ዋጋው መነጋገሪያ የሚሆነው። ጎንደር ውስጥ ሬንጅፋይንደር የሚያስተካክል ባለሙያ ፈልጌ አላገኘሁም። ፋብሪካው ጀርመን፣ ቬትስላር ነው። ካሜራውን ወደዚያ መላክ፣ ማስተካከያውን መክፈል፣ ሲመለስም መቀበል አለ። ለዚህ 250 ዶላር ቀነስኩ። ሌላ 150 ደግሞ ለባትሪው። ኤም 240 የሚሠራው በራሱ ትልቅ ባትሪ ነው። የኤም 9ም የኤም 10ም አይገባበትም። ጋሼ የነበራቸው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ዓመታት ያገለገለ። ባትሪ የሌለው ኤም 240 ድንጋይ ነው። ስለዚህ ኦርጅናል ባትሪው ሁለት ከሆነ ደስ ብሏችሁ ጨምሩ፤ አንድ ከሆነ ሳታፍሩ ቀንሱ።

ሳጥኑ፣ ደረሰኙ፣ የቆዳ ቦርሳው ዋጋ እንዲጨምርላቸው የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። ሳጥኑ መልሶ ለመሸጥ ትንሽ ይረዳል። የቆዳ ቦርሳ ግን እኔን ያሰጋኛል። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ በክረምት ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። አብረው ሊሸጡልኝ ያወጡት አንድ አሮጌ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነበር። የስልኬን መብራት ከኋላ አበራሁበት። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነገር ከጠርዙ ተነስቶ ወደ መሃል ገብቷል። በነፃ ቢሰጡኝም ከሌሎቹ ሌንሶች ጋር አንድ ቦታ አላስቀምጠውም። ቮይክትላንደሩ ግን ንፁህ ነበር።

የሹተሩ ቁጥርስ፣ ማለትም እስካሁን ስንት ጊዜ እንደተነሳበት? በተደበቀ ሜኑ ውስጥ ይገኛል፣ ተመልክቼዋለሁ። ለኔ ብዙ ክብደት የለውም። ትንሽ ተነስቶበት ለዓመታት የተቀመጠ ካሜራ ባትሪው የሞተ ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ የሚሠራበት ካሜራ ጤናው ይታወቃል። ይልቅ የማንጠልጠያውን ቀለበቶች ጎተት አድርጋችሁ እዩ። ከመጀመሪያዎቹ የ2013 ምርቶች አንዳንዶቹ ላይ ይህ ቦታ በደንብ እንዳልተያዘ ላይካ ራሱ አስታውቆ ነበር።

በ2,200 ዶላር ሂሳብ ተስማማን። የሴሪያል ቁጥሩን ጽፈን፣ የመታወቂያ ኮፒ ተለዋውጠን፣ ሁለት ምስክር ይዘን ውል ተፈራረምን። ያለ ውል እንዲህ ያለ ዕቃ አትቀበሉ። ነገ ሌላ ሰው «የኔ ነው» ብሎ ቢመጣ ማስረጃ አድርጋችሁ የምትይዙት ውሉን ነው።

አሁን ደግሞ የከፈልኩት ገንዘብ ዋጋ ያገኘበትን ቦታ ልንገራችሁ። ጥር 11 ቀን የፋሲለደስ መዋኛ ዳር ነበርኩ። በመስኮቷ ውስጥ የ35 ሚሊሜትሩ ፍሬም ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ከመስመሩ ውጭ ያለውም ይታያል። ወጣቱ ከግንቡ ላይ ሊዘል ሲንደረደር ፍሬሙ ውስጥ ሳይገባ አየዋለሁ። ሲገባ እጄ ዝግጁ ነው። በሌላ ካሜራ ይህን ያህል ተረጋግቼ አንስቼ አላውቅም። ባትሪውም እስከ ማታ ቆየ። መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ፀሐዩ ነው። የዚህ ካሜራ መነሻ አይ.ኤስ.ኦ. (ለብርሃን ያለው ስሜት) 200 ነው፣ የሹተሩ የፍጥነት ጣሪያ ደግሞ 1/4000 ሰከንድ። ረፋድ ላይ ሌንሱን ከኤፍ 4 በላይ ስከፍት የነጠላው ጥለት ይቀራል እንጂ ነጩ ሁሉ ይቃጠላል። ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር መያዝ ግድ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ተቃራኒው ነው። ፍላሽ አይፈቀድም፣ ጨለማ ነው። ካሜራው ውስጥ የሚመታ መስታወት ስለሌለ በ1/30 በእጄ ይዤ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች አንስቻለሁ። በአይ.ኤስ.ኦ. 1600 የሚወጣው በጣም ደስ ይላል። በ3200 ይሠራል። ወደ 6400 ስሄድ ጥቁሩ ቦታ ላይ መስመር መስመር እየሠራ ያበላሽብኛል፣ ስለዚህ አልሄድበትም። ፊት ያቀላል እየተባለ የሚወቀሰው ቀለሙ በኔ አልደረሰም። የመጨረሻውን ሶፍትዌር ጭኛለሁ፣ የማነሳውም በዲ.ኤን.ጂ. (ካሜራው ሳይነካው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ነው።

ክብደቱ ያለ ሌንስ 680 ግራም ነው፣ ወደ ማታ ትከሻ ላይ ይሰማል። ስታበሩት ለመንቃት ጥቂት ይቆያል። ካርድ ለመቀየር ሙሉ የሥሩ ክዳን ይነቀላል፣ ሕዝብ መሃል ክዳኑን በጥርስ መያዝ ነው። ጎርጎራ ደርሼ ስመለስ ደግሞ ኢንፊኒቲው ትንሽ ሸሽቶ አገኘሁት። እሱን በትንሽ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ፣ በሌንሱ መግጠሚያ በኩል፣ በጣም በጥቂቱ እያዞርኩ መለስኩት። የከፍታውን መዛነፍ ግን አልነካሁትም።

ዛሬ ልሽጠው ብል ከነሌንሱ 2,100 እጠራለሁ። ሁለተኛ ባትሪ ገዝቼበታለሁ፣ ሌንሱም ክረምቱን በሲሊካ ጄል ሣጥን ውስጥ ንፁህ ሆኖ አልፏል። ከፍታው ሳይስተካከል ስለሆነ የሚገዛኝ ሰው የቬትስላሩን ወጪ ጠቅሶ 250 ቢቀንስብኝ እቀበላለሁ። ከ1,850 በታች ግን አልወርድም።